የሱፐርማንን ልጅነት ለማንበብ ከየትኛው ኮሚክ እንጀምር?

የ2025ቱን የሱፐርማን ፊልም ያየ ሰው ከሲኒማ ቤት ሲወጣ የሚያወራው ስለ ውሻው ነው። ካባ ለብሶ ስለሚበርረው፣ ትእዛዝ አልሰማ ስላለው ክሪፕቶ። ብዙ ሰው ለፊልሙ ተብሎ የተፈጠረ ይመስለዋል። ክሪፕቶ ግን ኮሚክ ላይ ብቅ ያለው በ1955 ነው። ያኔ ደግሞ የልጁ ውሻ ነበር። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ልጁ ማለት ሱፐርቦይ ነው። ክላርክ ኬንት ሜትሮፖሊስ ገብቶ ጋዜጠኛ ከመሆኑ በፊት፣ ስሞልቪል በምትባል ትንሽ ከተማ በአሳዳጊዎቹ በጆናታንና በማርታ ኬንት እጅ ሲያድግ። ሱፐርማን ራሱ በ1938 ታተመ። ልጅነቱ ደግሞ ራሱን የቻለ ታሪክ ሆኖ በ1945 መጣ። ከዚያ ወዲህ ይህ ልጅነት በየትውልዱ እንደ አዲስ ሲጻፍ ኖሯል። አንዱ ደራሲ ይሠራዋል፣ ሌላው ያፈርሰዋል፣ ሦስተኛው መልሶ ይገነባዋል። አዲስ አንባቢ ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም።

በየድረ ገጹ "ምርጥ አሥር" የሚሉ ዝርዝሮች ሞልተዋል። ችግራቸው ሁሉንም በአንድ ረድፍ መደርደራቸው ነው። ለስምንት ዓመት ልጅ ስጦታ የሚፈልግ ወላጅ አለ። ፊልሙን ወዶ "አሁንስ ምን ላንብብ?" የሚል ወጣት አለ። የልዕለ ጀግና ነገር የሰለቸው ጎልማሳም አለ። ለሦስቱም አንድ መጽሐፍ አይሆንም።

ሰው ሲጠይቀኝ መልሼ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ልጁን ካባ ለብሶ ልታዩት ትፈልጋላችሁ ወይስ ሳይለብስ? የልብስ ጥያቄ ይመስላል፣ ግን ታሪኩን ከሥሩ የሚለውጠው እሱ ነው። ካባ የለበሰው ልጅ ጭንቀቱ "ማንነቴ እንዳይታወቅ" ነው። ያልለበሰው ልጅ ጭንቀቱ ደግሞ "ለመሆኑ እኔ ምንድን ነኝ?" ነው። የራሴን አድልዎ ከአሁኑ ልናገር፤ እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። የመጀመሪያውን የሚወዱ ሰዎች ግን የራሳቸው ምክንያት አላቸው፣ ምክንያቱም ቀላል አይደለም።

ጥንታዊው ሱፐርቦይ

የ1940ዎቹ፣ የ50ዎቹና የ60ዎቹ ታሪኮች አጫጭር ናቸው፤ አንድ ቁጭታ ላይ ሦስት አራቱን መጨረስ ይቻላል። ኬንቶች እርሻቸውን ትተው ስሞልቪል ውስጥ ሱቅ ከፍተዋል። ልጁ ከቤቱ ምድር ቤት ተነስቶ በድብቅ ዋሻ ይወጣል፤ ሲበርር ጎረቤት እንዳያየው። የፖሊስ አዛዡ ሲፈልገው መብራት ብልጭ ይልለታል። እሱ በሌለበት ክፍል የሚቀመጡለት፣ ቁርጥ እሱን የሚመስሉ ሮቦቶች አሉት። ልብሱን ማርታ የሠራችለት ሕፃን ሆኖ በመጣበት መንኮራኩር ውስጥ ተጠቅልሎበት ከነበረው ብርድ ልብስ ነው፤ ክሩን ፈትታ እንደገና ሠራችው።

ይህ ሁሉ ሲነበብ ያስቃል። ደራሲዎቹም አላፈሩበትም። በ1960 የታተመው ታሪክ ሌክስ ሉተር ለምን የሱፐርማን ጠላት እንደሆነ ያስረዳል። ሉተር ስሞልቪል ውስጥ የሚኖር ጎበዝ የሳይንስ ተማሪ ነበር፤ የሱፐርቦይም ወዳጅ። ቤተ ሙከራው ሲቃጠል ሱፐርቦይ እሳቱን አጠፋለት። በዚያ ግርግር የሉተር ፀጉር ረገፈ። በቃ፣ የዕድሜ ልክ ጥላቻ ከዚህ ተነሳ! ዛሬ ብዙ ሰው ይሄን እንደ ቀልድ ያነሳዋል። እኔ ግን ከብዙ ዘመናዊ ማብራሪያዎች ይሻላል እላለሁ። አሥራዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያለ ልጅ በፀጉሩ ምክንያት ዓለምን ቢጠላ ማን ይገረማል?

ሁለት ነገር ግን ልታውቁ ይገባል። አንደኛ፣ ጽሑፉ ይበዛል። ሥዕሉ ልጁ ግድግዳ ሲሰብር ያሳያል፣ ከላይ ያለው ጽሑፍ "ግድግዳውን ሰበረ" ይላል፣ ልጁ ራሱም በንግግር አረፋው "ግድግዳውን ልስበረው!" ይላል። የዛሬ ልጅ በዚህ ይሰለቻል። ሁለተኛ፣ የላና ላንግ ነገር። ከ1950 ጀምሮ ያለች ጎረቤቱ ናት፤ ሥራዋ ክላርክን መጠርጠር ነው። በየታሪኩ ትጠረጥራለች፣ በየታሪኩ ደግሞ ትታለላለች። ልጅቷ ትክክል ሆና ሳለ ሁልጊዜ ሞኝ የምትባልበት ነገር አሁን ሲነበብ ደስ አይልም።

ከዚህ ዘመን አንድ ብቻ አንብቡ ብባል በ1963 የታተመውን የኬንቶች የመጨረሻ ቀናት እመርጣለሁ። ባልና ሚስቱ ለዕረፍት ወደ ካሪቢያን ሄደው የድሮ ወንበዴ የቀበረውን ሣጥን ይከፍታሉ፣ ብርቱ ሕመም ይይዛቸዋል። ልጁ ያለውን ሁሉ ይሞክራል። አይሆንለትም። ሮቦትና የሚበርር ውሻ በሞላበት ተከታታይ መሐል ድንገት እውነተኛ ሐዘን ትገናኛላችሁ። ያንን ታሪክ ያነበበ ሰው ከዚያ በኋላ የመጡት ደራሲዎች ስለ ምን እንደሚጨነቁ ወዲያው ይገባዋል።

ነገርን ነገር ያነሳዋልና አንድ ነገር ልጨምር። ሱፐርቦይን ለማተሚያ ቤቱ ያቀረበው ሱፐርማንን ከጆ ሹስተር ጋር የፈጠረው ጄሪ ሲገል ነበር። በእሱ ሐሳብ ልጁ ገና ኃላፊነት ያልገባው ተንኮለኛ ቀልደኛ ነበር። ማተሚያ ቤቱ አልፈልግም አለ። በኋላ ሲገል በጦርነቱ ዘመን ወታደር ሆኖ ሳለ ማተሚያ ቤቱ ያለ እሱ ፈቃድ አሳተመው። ሲገል ከሰሰ። በ1948 ጉዳዩን የመረመሩት ዳኛ ሱፐርቦይ የሲገል ነው የሚል ውሳኔ ሰጡ። ደስታው ግን አልቆየም። በኋላ ከማተሚያ ቤቱ ጋር በተደረገው ስምምነት ሲገልና ሹስተር 94 ሺሕ ዶላር ገደማ ተቀብለው የሱፐርማንንም የሱፐርቦይንም መብት ለቀቁ። ያ ተንኮለኛ ልጅ ሲገል እንዳሰበው ሆኖ ሳይጻፍ ቀረ። የልጅነቱን ታሪክ እንደ አዲስ የሚጽፍ ሁሉ አንድ ቀን ወደዚያ ሐሳብ ቢመለስ ደስ ይለኛል።

ካባው የተወሰደበት ዓመት

በ1986 ጆን በርን "ዘ ማን ኦቭ ስቲል" በተባለ ስድስት ክፍል ባለው ሥራ ሁሉንም ከዜሮ ጀመረ። ሱፐርቦይ የሚባል ነገር አልነበረም አለ። ኃይሉ ቀስ በቀስ ነው የመጣው፣ ልብሱን የለበሰው ካደገ በኋላ ነው። ጆናታንና ማርታም አልሞቱም፤ ትልቅ ሰው ሆኖም ስልክ ደውሎ ያማክራቸዋል።

ውሳኔው ትልቅ ነበር። መዘዙም እንዲሁ። ከ1958 ጀምሮ "ሌጅን ኦቭ ሱፐር ሂሮስ" የሚባል የወደፊቱ ዘመን የወጣቶች ቡድን ነበር፤ ቡድኑ የተመሠረተው የሱፐርቦይን ዝና ሰምቶ ነው። ሱፐርቦይ ከሌለ እነሱ ማንን አይተው ተመሠረቱ? ደራሲዎቹ በዓመቱ ሌላ ትንሽ ዓለም ፈጥረው "ሱፐርቦዩ ከዚያ ነው የመጣው" አሉ። ኮሚክ ማለት አንዳንዴ እንዲህ ያለ የሒሳብ ሥራ ነው።

የበርንን መጽሐፍ ለልጅነቱ ብላችሁ አትግዙት። ልጅነቱ ጥቂት ገጽ ነው። ከዚህ በታች ያሉትን ሁሉ ያስቻለው ግን እሱ ነው፤ ለዚህ ነው የጠቀስኩት።

"ፎር ኦል ሲዝንስ" ወይስ "ሲክሬት ኦሪጅን"?

ለአዋቂም ለወጣትም እውነተኛው ምርጫ ይሄ ነው። ሁለቱም ጥሩ ናቸው። ሁለቱም ስሞልቪልን በቁም ነገር ይይዛሉ። ከዚያ በኋላ ግን መንገዳቸው ይለያያል።

"ሱፐርማን ፎር ኦል ሲዝንስ" በ1998 የወጣ የጄፍ ሎብና የቲም ሴል ሥራ ነው። አራት ክፍል አለው፣ በአራቱ ወቅቶች የተሰየመ። እያንዳንዱን ወቅት የሚተርከው ሌላ ሰው ነው፦ ፀደዩን አባቱ፣ በጋውን ጋዜጠኛዋ ሎይስ ሌን፣ በልጉን ሉተር፣ ክረምቱን ላና። ክላርክ ራሱ ተራኪ አይሆንም። ስለ እሱ የምናውቀው የሚወዱትና የሚጠሉት ሰዎች ያዩትን ያህል ነው። ለእኔ የመጽሐፉ ትልቁ ብልሃት ይህ ነው። አባት ስለ ልጁ ሲናገር ስለ ኃይሉ አይመካም። ልጁ እየሸሸው እንደሆነ ያውቃል፣ እንዴት እንደሚያናግረው ግን ይቸገራል። አሥራ ስድስት አሥራ ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ ያለው አባት ይህን ምዕራፍ ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል።

በፀደዩ ክፍል ስሞልቪልን አውሎ ነፋስ ይመታታል። ክላርክ ሰው ያድናል። ግን ሁሉንም ነገር ማዳን እንደማይችል የሚገባውም ያን ጊዜ ነው። ከተማዋን ጥሎ የሚሄደው ከዚህ በኋላ ነው። ሴል ክላርክን የሚሥለው ሰፊ ትከሻ ያለው፣ ቤት የሚጠብበት፣ ፊቱ ግን ገና የልጅ የሆነ አድርጎ ነው። ሰማዩና እርሻው ሙሉ ገጽ ይወስዳሉ፣ አንዳንዴም ሁለት። ንግግሩ ትንሽ ነው። እንግሊዝኛ ለሚከብደው አንባቢ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ሥዕሉ ግማሹን ይነግረዋል።

ጉድለቱስ? ድርጊት ፈላጊ አንባቢ "መቼ ነው ነገሩ የሚጀመረው?" ይላል። በሉተር ክፍል ያለው የበሽታ ሴራም ጥድፊያ አለበት፤ ከሌሎቹ ሦስቱ ይደክማል። እኔ ግን ለፀደዩና ለክረምቱ ስል ይቅር ብየዋለሁ።

"ሱፐርማን፦ ሲክሬት ኦሪጅን" ደግሞ በ2009 ጀምሮ በ2010 ያለቀ፣ ስድስት ክፍል ያለው የጄፍ ጆንስና የጋሪ ፍራንክ ሥራ ነው። በርን የወሰደውን ካባ ጆንስ መለሰው። ግን በዘዴ። ክላርክ ከእኩዮቹ ጋር ኳስ ሲጫወት የጓደኛውን የፒት ሮስን ክንድ ይሰብራል። ላና ስትስመው ዓይኑ እሳት ይተፋል። መነጽሩም የመጣው ከዚህ ነው፤ መስታወቱ ከመንኮራኩሩ የተወሰደ ስለሆነ የዓይኑን እሳት ያግድለታል። ከዚያ እናቱ ልብሱን ሰፍታ ስትሰጠው ልጁ በሐፍረት መሬት ይግባ ይላል። እናት የሰፋችውን ልብስ "ይሄን ለብሼማ አልወጣም" ያለ ልጅ ሁሉ ፊቱን ያውቀዋል። የፍራንክ ሥዕል የፊት ገጽታ ላይ በጣም ጠንካራ ነው፣ የክላርክም ፊት በድሮዎቹ ፊልሞች ሱፐርማንን የተጫወተውን የክሪስቶፈር ሪቭን ይመስላል።

ሁለተኛው ክፍል ላይ የሌጅን ልጆች ከወደፊቱ ይመጣሉ። ክላርክ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እሱን ከሚመስሉ እኩዮቹ ጋር ይስቃል፤ ይበርራል፤ ኃይሉን አይደብቅም። ጥንታዊው ሱፐርቦይ ለምን ይናፈቃል ለሚል ሰው መልሱ እነዚህ ገጾች ላይ ነው። ካባ የለበሰው ልጅ አንዳንዴ ደስ ይለዋል። ካባ የሌለው ልጅ ግን ብዙውን ጊዜ ያዝናል። የአድልዎዬ ደካማ ጎን ይሄ ነው።

ታዲያ የቱን? ፊልሙን ወዳችሁ፣ ክሪፕቶን፣ ሉተርንና ላናን በአንድ ላይ፣ በቅደም ተከተል ማወቅ ከፈለጋችሁ "ሲክሬት ኦሪጅን"። ከመጽሐፉ በኋላም ሌሎቹን ኮሚኮች ለመከታተል ይረዳችኋል። አንድ መጽሐፍ ብቻ አንብባችሁ ልታቆሙ ከሆነ ግን "ፎር ኦል ሲዝንስ"። ከ2001 እስከ 2011 የታየውን "ስሞልቪል" ተከታታይ ድራማ የወደዳችሁም ወደዚህ ኑ። ያ ድራማ ልጁ ልብሱን አይለብስም፣ አይበርርም የሚል ሕግ ነበረው፤ ሎብም ከጸሐፊዎቹና ከአዘጋጆቹ አንዱ ሆኖ ሠርቷል። መንፈሳቸው ቅርብ ነው።

ልዕለ ጀግና ለሰለቸው ሰው

"ሱፐርማን፦ ሲክሬት አይደንቲቲ" የተባለው የከርት ቢዩሲክና የስቱዋርት ኢመነን ሥራ በ2004 ወጣ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ሱፐርማን ልብ ወለድ በሆነበት በእኛው ዓለም፣ ካንሳስ ውስጥ ኬንት የሚባሉ ባልና ሚስት ልጃቸውን ክላርክ ብለው ሰየሙት። ቀልድ መሰላቸው። ልጁ ግን ዕድሜውን ሙሉ ሲሾፍበት ኖረ። በየልደቱ ዘመድ አዝማድ የሱፐርማን መጫወቻ ይዞለት ይመጣል። እሱ ደግሞ አንድም አይወድም። ከዚያ አንድ ሌሊት ብቻውን ድንኳን ጥሎ ተኝቶ ሳለ ሲነቃ አየር ላይ ተንሳፍፏል።

ልጅነቱ የመጀመሪያው ክፍል ላይ ያልቃል። ቀሪዎቹ ሦስቱ ወደ ሥራ፣ ወደ ትዳር፣ ወደ እርጅና ይወስዱታል። ስለዚህ "የልጅነት ጀብዱ" ብቻ የሚፈልግ ሰው ሊያጉረመርም ይችላል። ነገር ግን ልጅነቱ ምን እንደሠራው እስከ መጨረሻው የሚከታተል ሌላ መጽሐፍ አላገኘሁም። ጨካኝ ጠላት የለውም። ዓለም አይጠፋም። ዋናው ጥያቄ ማንን አምኜ ልንገር የሚል ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ጽሑፉ ብዙ ነው፤ ክላርክ በታይፕራይተር የሚጽፈው ማስታወሻ በየገጹ አለ። እንግሊዝኛችሁ ካልጠነከረ ከዚህ አትጀምሩ። ስለ ሱፐርማን ምንም የማያውቅ ጓደኛ ግን ይህን ያለ ችግር ያነበዋል፤ ሌላ ኮሚክ ከዚህ በፊት ማንበብ አያስፈልገውም።

ለስደተኛ ልጆች፣ ለወላጆቻቸውም

ሱፐርማን ከሌላ ዓለም የመጣ ነው። ይህን ሁሉም ያውቃል፣ ግን በቁም ነገር የያዘው ደራሲ ጥቂት ነው። ጂን ሉዌን ያንግ "ሱፐርማን ስማሽስ ዘ ክላን" በሚለው ሥራው ያዘው። ሥዕሉ ጉሪሂሩ በሚል ስም የሚሠሩ የሁለት ጃፓናውያን ሴቶች ነው። በ2019 መውጣት ጀምሮ በ2020 አለቀ፣ በ2021 ሁለት የአይስነር (ታዋቂው የኮሚክ) ሽልማት አገኘ፤ አንዱ በልጆች መጽሐፍ ዘርፍ።

ታሪኩ የሚካሄደው በ1946 ነው። መነሻው በዚያው ዓመት የተላለፈ የሱፐርማን የሬዲዮ ድራማ ነው፤ ድራማው ኩ ክለክስ ክላን የተባለውን የነጭ ዘረኞች ማኅበር አምሳያ ቡድን በግልጽ ያጋለጠ ነበር። ሊ የሚባሉ ቻይናዊ አሜሪካውያን ቤተሰብ ከቻይናውያን ሰፈር ወጥተው ሜትሮፖሊስ ውስጥ ነጮች ወደሚበዙበት ሰፈር ይገባሉ። ወንዱ ልጅ ቶሚ ቶሎ ይላመዳል። በራሱም ላይ ቢሆን ቀልድ ይወረውራል፤ ቤዝቦል ይጫወታል። እህቱ ሮበርታ ግን ድንጉጥ ናት። ሮበርታ የአሜሪካ ስሟ ነው፤ ቤተሰቧ ያወጣላት ስም ላን ሺን ነው።

የክላርክ ልጅነት በዚህ ውስጥ ተሰብጥሮ ነው የሚመጣው። በዚህ መጽሐፍ ሱፐርማን አይበርርም። በኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ ይሮጣል። ለምን? ልጅ ሳለ ያልተለመደ ነገር ሲያደርግ ሰዎች ሲፈሩት አይቷል። ስለዚህ ሰው "ጠንካራ ነው" ብሎ ሊቀበለው የሚችለውን ብቻ አሳይቶ ሌላውን ደብቋል። ራሱም እስኪረሳው ድረስ። እሱም እንደ ቶሚ ለመመሳሰል ሲል ግማሽ ማንነቱን ቀብሯል። ይህን የምታይበት ሮበርታ ናት። የጥንቱ ታሪክ "ምስጢሩን እንዴት ይደብቅ?" ይላል፤ ያንግ "መደበቁ ራሱ ምን ያስከፍለዋል?" ብሎ ይጠይቃል። በእኔ እይታ ጥንታዊውን ልጅነት ለዘመኑ አንባቢ ከቀየሩት ሁሉ ጥያቄውን በደንብ የገለበጠው ይህ ነው።

በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ፣ በሚኒሶታ ወይም በሌላ የውጭ አገር ከተማ ልጆች የምታሳድጉ አበሾች ካላችሁ ከዚህ ጀምሩ። ልጁ ትምህርት ቤት አንድ ስም፣ ቤት ሌላ ስም ካለው ሮበርታን ማስተዋወቅ አያስፈልጋችሁም። እንግሊዝኛው ቀላል ነው። ከአሥር ዓመት ገደማ ጀምሮ ይሆናል። ክላኑ የሚቃጠል መስቀል ተክሎ የሚያስፈራራበት ቦታ ስላለ ትንንሾቹ ጋር አብሮ ተቀምጦ ማንበብ ይሻላል። መጨረሻው ላይ ያንግ ስለ ራሱና ስለ ዘመኑ ታሪክ የጻፈው ጽሑፍ አለ፤ እሱን ወላጅ አይዝለለው።

ቀሪዎቹን በአጭሩ

"በርዝራይት" የማርክ ዌይድና የሊኒል ዩ ነው፤ 2003 እና 2004፣ አሥራ ሁለት ክፍል። ወጣቱ ክላርክን መጀመሪያ የምናገኘው ምዕራብ አፍሪካ ውስጥ በጋዜጠኝነት ሲዞር ነው። አፍሪካ ላይ ያለው ክፍል ከተጠበቀው በላይ ይከበራል፣ ቢሆንም እንግዳው መጥቶ የሚማርበት ቦታ ከመሆን አያልፍም። የክላርክና የሉተር የልጅነት ወዳጅነት ግን በደንብ ተጽፏል።

"አሜሪካን ኤሊየን" በ2015 ጀምሮ በ2016 ያለቀ የማክስ ላንዲስ ሥራ ነው። ሰባት ክፍል፣ ለእያንዳንዱ ሌላ ሰዓሊ። መብረር መቆጣጠር ያቃተው ትንሽ ልጅ የሚታይበት የመጀመሪያው ክፍል እጅግ ያምራል። ከሁለተኛው ጀምሮ ግን ደም አለ፣ መጠጥ አለ። ሽፋኑን አይታችሁ ለልጅ እንዳትሰጡ።

ለትንንሾች "ሱፐርማን ኦቭ ስሞልቪል" አለ። የአርት ባልታዛርና የፍራንኮ ነው፣ በ2019 የታተመ። ሥዕሉ ክብ ክብ፣ ቀልዱ ቀላል። ለስምንት ዓመቱ ልጅ ይሄንን ግዙለት፣ ሌላውን ሁሉ ተዉት። አዋቂ ግን ብቻውን ቁጭ ብሎ የሚያነበው አይደለም።

ልጅነት ይሁን እንጂ የክላርክ መሆን የለበትም ካላችሁ ደግሞ በ2017 የጀመረው "ሱፐር ሰንስ" አለ። የአሥር ዓመቱ ጆን የክላርክና የሎይስ ልጅ ነው፤ ዴሚያን የባትማን ልጅ። አንዱ ለሰው አዛኝ፣ ሌላው ትዕቢተኛ። የሁለቱ መነታረክ ብቻውን ገንዘቡን ያወጣል። የጥንቱ ሱፐርቦይ ጨዋታና ፈጠን ያለ ጀብዱ ዛሬ በደንብ የሚገኘው እዚህ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

"አብሶሉት ሱፐርማን" የተባለውንና በ2024 የጀመረውን ለዚህ ጉዳይ አልመክርም። ጥሩ ነው፣ ግን ልጁ ያደገው በፈነዳችው ፕላኔቱ ላይ ነው፤ ስሞልቪልን ፈልጋችሁ ከገባችሁ ታዝናላችሁ።

ከመግዛታችሁ በፊት

ሽፋኑ ላይ "ሱፐርቦይ" የሚል ስላያችሁ ብቻ አትግዙ። በ1993 ሌላ ሱፐርቦይ መጣ፤ በቤተ ሙከራ የተፈጠረ፣ በኋላ ኮነር ኬንት የተባለ፣ የቆዳ ጃኬት የሚወድ ልጅ። ከዚያ በኋላ የወጡት ብዙዎቹ የሱፐርቦይ መጽሐፎች የእሱ ናቸው። ጆንም ለተወሰነ ጊዜ በዚሁ ስም ተጠርቷል። የክላርክን ከፈለጋችሁ ስሞልቪል የሚለውንና የታተመበትን ዓመት አጣሩ።

አሜሪካ ያላችሁ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ካርድ ካላችሁ ሁፕላና ሊቢ በሚባሉት መተግበሪያዎች አንዳንዶቹን በነፃ መዋስ ትችሉ ይሆናል፤ የትኛው እንደሚገኝ እንደ ቤተ መጻሕፍቱ ይለያያል። አዲስ አበባ ያለ አንባቢ ብዙውን ጊዜ ወይ ከውጭ ከሚመጣ ሰው ያስልካል ወይ ዲጂታሉን ይገዛል። ዲጂታል ከሆነ "ስማሽስ ዘ ክላን" እና "ሱፐር ሰንስ" በስልክም ያስኬዳሉ። "ፎር ኦል ሲዝንስ"ን ግን በስልክ አትሞክሩት። ሁለት ገጽ የሚወስደውን የቲም ሴልን ማሳ በመዳፍ በምታህል ስክሪን ላይ በጣት እየጎተታችሁ ካያችሁት የመጽሐፉን ግማሽ ታጡታላችሁ። ወይ ታብሌት ተዋሱ፣ ወይ የሚመጣው ሰው ሻንጣው ውስጥ ቦታ እንዲተውላችሁ ለምኑት።